ሠላሳ ዘጠኝ ሻንጣ

ለልጄ ለናርዶስ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ የገዛሁት ሻንጣ አልጋ ሥር ከገባ ዓመት አለፈው። አሁን ብርድ ልብስ አስቀምጥበታለሁ። አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቻውን የሚያልፍ ተማሪ የለም፤ ክፍሉ በሙሉ ካላለፈ የማንም ውጤት አይለቀቅም። ከልጄ ክፍል አርባ ተማሪዎች ሂሳብ ያላለፈ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ማን እንደሆነ ግን አይነገርም፤ እዚያ ትምህርት ቤት የወደቀ ሰው ስም አይጠራም።

«የልጄን ዕድሜ የሚበላው ይሄ ሰነፍ ማነው?» እያልኩ ስንጨረጨር ናርዶስ አንገቷን ደፍታ ትሰማኛለች።

ቅዳሜ ጠዋት መረረኝና ወደ ግል ትምህርት ቤት ላዛውራት መልቀቂያ ልጠይቅ ሄድኩ። በክፍላቸው መስኮት ሳይ ሁሉም ተቀምጠዋል፤ ሰሌዳው ፊት ጠመኔ ይዛ የቆመችው የኔዋ ናት። ታስተምራቸዋለች ብዬ ደረቴ ተነፋ።

ጠመኔው ቆመ። ልጄ የጻፈችውን በመዳፏ አጠፋች። ማንም አልሳቀም፣ ማንም ሰዓቱን አላየም።

«አይዞሽ ናርዲ» አለች አንዷ ከፊት ወንበር፤ «ትናንት እዚህ ድረስ ሠርተሽው ነበር። ከላይ እንጀምረው።»

ርዕሰ መምህሩ ከኋላዬ መጡ። «ምን ልርዳዎት፣ እትዬ ዘነቡ?»

ማመልከቻዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። በየቤቱ አልጋ ሥር የተቀመጠ ሠላሳ ዘጠኝ ሻንጣ ታየኝ። እናቶቻቸውም እንደኔ ሲንጨረጨሩ ከርመዋል፤ አንዱም ልጅ ግን ለእናቱ የናርዶስን ስም አልጠራም።