ታውኖ የወደደው ፊልም

መርዶው ሲርካን ያገኛት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ቀኝ እጇ በጀሶ ታስሮ በግራ እጇ ድንች ለመላጥ ስትታገል ነበር። የደወለው የሲኒማ ቤቱ ትኬት ቆራጭ ነው።

«ወይዘሮ ሲርካ፣ ባለቤትዎ ታውኖ... ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ አልተነሡም። እኛ ደግሞ እየተቹ ነው ብለን ተውናቸው።»

«እስከ መቼ?»

«አዳራሹን ጠርገን እስክንጨርስ።»

ሲርካ ቢላዋውን አስቀመጠች። በትኬት ቆራጩም አልፈረደችም። በዚያች የፊንላንድ የሐይቅ ዳር ከተማ፣ ታውኖ ሳይናገር ሳይንቀሳቀስ ቢቀመጥ ማን ይደነግጣል? አርባ ዓመት ሙሉ ፊልም ያየው አፉን በወፍራም ሻርፕ ጠቅልሎ ነው። ሻርፑን ሥራ በጀመረ በወሩ ሠርታ የሰጠችው ሲርካ ናት። ከተማው ግን ስድቡን የሚያፍንበት ነው ይል ነበር።

ታውኖ የከተማይቱ ጋዜጣ የፊልም ሐያሲ ነበር። ሐያሲ ማለት እንግዲህ፣ ሌላው ከፍሎ በሚደሰትበት ቦታ በነፃ ገብቶ የሚያዝን ሰው ነው። በታውኖ ዓምድ ስለ አንድ የፍቅር ፊልም «ባይገናኙ ኖሮ ሁላችንም በጊዜ ቤታችን እንገባ ነበር» ተባለ። ስለ ጦርነት ፊልም ደግሞ «ያ ሁሉ ጥይት ደራሲውን መሳቱ ያሳዝናል» የሚል ወጣ። ሰው ጋዜጣውን የሚገዛው ለዚህ ነበር። ሲኒማ ቤቱ ከስሮ ያልተዘጋው፣ የተሰደበውን ፊልም ማየት ደስ ስለሚል ብቻ ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ባልና ሚስት አብረው ሲኒማ ይገባሉ። ሲመለሱ የጓሮው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ሳውናው፣ ይጨሳል፣ ከሳሎን የጽሕፈት መኪናው ይንጣጣል። ጎረቤታቸው ሄልሚ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ፣ «ሚስት ሆኖ መፈጠር እንደ ሲርካ! እሱ ጣቱ እስኪቀጥን ይጽፋል፣ እሷ እንፋሎት ትሞቃለች» ትል ነበር፤ የገዛ ባሏ እንዲሰማ ጮክ አድርጋ።

ባለፈው ሳምንት ግን ታውኖ «እንዳያንሸራትት አሸዋ እበትንበታለሁ» እያለ ክረምቱን ያሳለፈበት በረዶ የያዘው የደጃፍ ደረጃ ሲርካን ጣላት። ማክሰኞ ብቻውን ሄደ። ሐሙስ ጠዋት ዓምዱ ወጣ፤ ከተማውም ከሞቱ ይልቅ በዚህ ደነገጠ። ፊልሙ ከቪዲዮ ጌም የተቀዳ ቀልድ ነበር፣ «ስንት ነፍስ ቀረሽ?» የሚባል። ዓምዱ እንዲህ ይላል፦

«ተነሡ! ሂዱ! እዩት! አራት ጡረተኞች የልጅ ልጃቸው ቪዲዮ ጌም ውስጥ ይገባሉ! ለእያንዳንዳቸው ሦስት ነፍስ! የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ያው ጉድጓድ ውስጥ ሁለቴ ትወድቃለች፣ ሁለቴ ትሞታለች! ጢው ይላል፣ ትነሣለች፣ ቀሚሷን አራግፋ ጉድጓዱን ትሰድበዋለች! ስለ እንጉዳዩ አልነግራችሁም! ሰው ሞቶ ሲነሣ ማየት እንዴት ደስ ይላል! ሐሙስም እሄዳለሁ!»

ሄዶም ቀረ።

ቅዳሜ አዘጋጁ ካሌርቮ አበባ ይዞ ለቅሶ መጣ። ሄልሚ ቀድማ ገብታ ኬክ ትቆርጣለች። ካሌርቮ ሐዘኑን በሁለት ቃል ገልጾ ወደ ጉዳዩ ገባ።

«ወይዘሮ ሲርካ፣ ያ ጽሑፍ የሳቸው አይደለም።»

«በምን አወቅህ?»

«ይተዉኝ እንጂ! የሳቸውን ብዕር እኔ ልጣው? ቃለ አጋኖው እንደ ጨው ተነስንሷል። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ተጠቅመው አያውቁም! የፊልሙ ሻጮች በስማቸው የላኩት ነው።»

«እኔስ ጭንቅላቱ ነው እላለሁ» አለች ሄልሚ። «ማክሰኞ ሳውናው ሳይጨስ ሲቀር፣ እሷስ በዚህ ጀሶ እንዴት ትታጠብ ብዬ ዝም አልኩ። የጽሕፈት መኪናው ግን የሚንጣጣው አንድ አንድ እያለ ነበር፣ እንደ ዶሮ ጭረት! የአክስቴም ባል ሊሞት ሲል እጁ እንዲሁ ተጎተተ። ደግሞም ታውኖ ብቻውን ሲስቅ ሰማሁት።»

«ያም ሆነ ይህ ሰኞ ይቅርታ እናወጣለን» አለ ካሌርቮ። «ከሞት ማስታወቂያው ሥር፣ የመጨረሻው ሂስ ሐሰተኛ ነው፣ ታውኖ አልጻፉትም ብለን። ስማቸው ይጥራ።»

ሲርካ ወደ በሩ ተመለከተች። ሻርፑ ከማክሰኞ ጀምሮ እንደተሰቀለ ነው። ሐሙስ ሳይወስደው ሄዷል። ያን ጽሑፍ ሐሰተኛ ካሉት፣ ከታውኖ የሚቀረው ያ ሳቁን ያፈነው ሻርፕ ብቻ ነው።

«አይሆንም» አለች።

«ለክብራቸው እኮ ነው!»

«እርሳስ ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ማስታወቂያውን እኔ ልንገርህ፣ አንተ ጻፍ። እጄ እንደምታየው ነው።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «ታውኖ ሐሙስ ዕለት አረፈ። ሲኒማ ቤቱ ከፈንዲሻው ጋር ጠርጎ ሊያወጣው ጥቂት ቀርቶት ነበር። በቀብሩ ላይ ኦርጋን መቺው እንደ ልማዱ ይሳሳታል። ሟቹ ብቻ ስለማይሰማው፣ እናንተ ኑና ስሙለት።»

የካሌርቮ እርሳስ ቀስ አለ፣ ከዚያም ቆመ። ቀና ብሎ ሲርካን አየ፣ ጀሶውን አየ፣ በመስኮቱ ሥር ያለውን የጽሕፈት መኪና አየ።

«ወይዘሮ ሲርካ... ይቺ አባባል...»

«ጻፍ እንጂ ልጄ። ‹በዚህ ጋዜጣ አርባ ዓመት በስሙ ከወጣው ሁሉ፣ ታውኖ በገዛ እጁ የጻፈው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ያነበባችሁ ሁሉ፣ እንደዚያች ሴትዮ ተነሥቶ ልብሱን እንዲያራግፍ ጸልዩለት።›»