አሥራ ሁለተኛዋ ነጥብ

ሥራ አስኪያጁ ከወረቀቱ ግርጌ ብቻዋን የቀረችውን ነጥብ በጣቱ ተጫናት። «ይኸው፣ ራስሽ ያወጣሽው ነው። ከሁሉም በታች ናት። የጪጩ መንደሯ ሴትዮ ቡና ከተራው ቡና ጋር ይደባለቅ» አላት ቡና ቀማሿን። ገበሬዋ ሴትዮ በመጋዘኑ በር አጠገብ፣ ከጆንያ ክምሩ ፊት ለፊት ቆማ ሁሉንም ሰማች።

ቡና ቀማሿ በአፏ የያዘችውን ቡና ተፋችና ወደ ጠረጴዛው መጣች። ሦስት ቀን ሙሉ የአሥራ ሁለት ገበሬዎችን ቡና ሁለት ሁለቱን እያጣመረች፣ ይሄ ከዚያ ምን ያህል ይለያል እያለች፣ ምላሷ እስኪደነዝዝ ቀምሳለች። ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ገበሬ ቡና በወረቀቱ ላይ አንድ ነጥብ አድርጎ ልዩነቱን ወደ ርቀት ከመቀየር በቀር የሠራው ነገር የለም፤ የሚመሳሰሉትን አቀራረበ፣ የማይመሳሰሉትን አራራቀ።

«ታች መጥፎ ነው ያለዎት ማነው?» አለችው።

«ወረቀቱ ነዋ!»

ወረቀቱን ከፊቱ መንጭቃ ዘቀዘቀችውና መልሳ ጠረጴዛው ላይ በኃይል አስቀመጠችው። ያቺ ነጥብ ከሁሉም በላይ ሆነች። «አሁንስ? አንደኛ ልበላት? ይሄ ላይና ታች የለውም። እኔ የለካሁት ማን ከማን እንደሚለይ ብቻ ነው። ይቺ ማንንም አትመስልም፤ ከማንም ጋር አልደባልቃትም!»

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን በጎን አዞረው፤ ደግሞ አዞረው። ነጥቧ ወደ አሥራ አንዱ ስንዝር አልተጠጋችም። ቀና ሲል ሴትዮዋ ጆንያዋን ከክምሩ ውስጥ ጎትታ አውጥታ፣ ባዶው ጥግ ድረስ ወስዳ፣ ላዩ ላይ ተቀምጣበታለች።