የትራሱ ጀርባ

ሴትዮዋ ሽማግሌ ከመላኳ በፊት የልጅቷን ሙያ በዓይኗ ልታይ፣ ልጇን አስከትላ መጣች። የልጅቷ እናት «ለጫጉላቸው ነው» ብላ ባለ ጥልፍ የትራስ ልብስ ጭኗ ላይ ዘረጋችላት። ቀያይ ጽጌረዳዎቹ ንብ የሚጠሩ ይመስሉ ነበር።

ሴትዮዋ ግን በጥልፍ ፊት ተታልላ አታውቅም። የባለሙያ እጅ የሚታየው በጀርባው ነው። ገለበጠችው፤ ፊቷም ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ተኮማተረ። ክሩ እንደ ዶሮ አንጀት ተዘባርቋል፤ ጫፉም በጥርስ ተበጥሶ ምራቅ ደርቆበታል። ይባስ ብሎ ስፌቱ ሁሉ ያጋደለው በተቃራኒው ነው።

«ኤጭ! የግራኝ ሥራ!» አለች፣ ጨርቁን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ። «መቀመጫ በሚታጠብበት እጅ የተጠለፈ ትራስ ላይ ልጄ ፊቱን ሊያሳርፍ? ነገስ በዚሁ እጇ ልታጎርሰው ነው?» ጨርቁን ወለሉ ላይ ጣለችና ጣቶቿን በነጠላዋ ጠረገች።

«ኧረ እትዬ፣ ልጄ ግራኝ አይደለችም» አለች የልጅቷ እናት ዓይኗን ሰብራ።

«ታዲያ ማን ጠለፈው? ሰይጣን?» ወደ ልጇ ዞረች። «ተነስ፣ እንሂድ!»

ልጇ ተነሳ። ጎንበስ ብሎ ጨርቁን አነሳ፤ ያነሳውም፣ ልጅ ሳለ እናቱ ዓመት ሙሉ ከወገቡ ጋር ጠፍራ ባሰረችው በግራ እጁ ነበር። አቧራውን አራገፈ፣ ከኮሌታው ስር የሰካትን መርፌ ነቀለና አንገቷን ደፍታ ከተቀመጠችው ልጅ ጎን ሄዶ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ አንድ ቅጠል ይቀረዋል» አለ።