ሦስተኛው ቁልፍ

ልብስ ሰፊዋ የምትወደው የኮሪያ ድራማ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ስትደርስ ዓይኗ ደክሞ፣ ልቧም ዝሎ፣ ሳምንት ሙሉ ሳታየው ከረመች። ታናሽ እህቷ ግን አለቀቀቻትም።

«እትዬ፣ እጅ ሰጠሽ አይደል? ያ ሁሉ ፉከራ የት ገባ?»

«አረፍኩ እንጂ አልሸሸሁም! ዛሬ ሰማይ ቢደፋ እጨርሰዋለሁ።»

እህቷ እየሳቀች ወደ ሥራዋ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ በጠራራ ፀሐይ የስፌት ክፍሏን መጋረጃ ጋርዳ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። ድካሟ እንደ ጉም በነነ።

የድራማው ባለታሪክ አረንጓዴ ካፖርት ለብሳ ብቅ አለች። የካፖርቱ ሦስተኛ ቁልፍ በቀይ ክር ተሰፍቷል።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ልብስ መስቀያው ዞር አለች። ዛሬ ጠዋት አረንጓዴ ክር አልቆባት፣ «ማን ያየዋል» ብላ ሦስተኛውን ቁልፍ በቀይ የሰፋችለት የደንበኛዋ ካፖርት የለም። ባዶው መስቀያ ይወዛወዛል።

ባለታሪኳ ቁልፉን ሳብ ስታደርገው ክሩ ተበጠሰ። ቁልፉ እዚህ፣ ከስፌት መኪናው ስር፣ ሲንከባለል ተሰማ።

የልብስ ሰፊዋ እጅ ወደ ቴሌቪዥኑ ማጥፊያ ተዘርግቶ ቀረ።

«አላጠፋም!» አለች። ጎንበስ ብላ ቁልፉን አነሳችና መርፌዋ ላይ ክር አስገባች። «ካፖርቱን አምጪው፣ እሰፋዋለሁ። ድራማውን ግን ሳልጨርስ ንቅንቅ አልልም።»

ባለታሪኳ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያም ቀስ ብላ ካፖርቱን ታወልቅ ጀመር።