የስመኝ በር

የጤና ምክር እንደ መጽሐፍ በውሰት ከሆነ ሰንብቷል። ቤተ መጻሕፍቱ በየተራ ወደ አንድ ሰው ስልክ ይልከዋል፤ በሦስተኛው ቀን ከስልኩ ይጠፋል። ስመኝ ለልጇ የወሊድ አደጋ ምልክቶችን ተውሳ ነበር፤ ልጇም በሰላም ተገላገለች። የጎረቤቷ የአስረበብ መውለጃ ወር ገብቷል፤ ምክሩን የመዋስ ተራዋ ግን ገና ሁለት ወር ይቀረዋል።

«ልጁን ጠብቅ ልበለው?» አለች አስረበብ ሆዷን ይዛ።

ስመኝ ምክሩ ሳይጠፋ ከሰል አነሳችና የቤቷ በር ላይ በትልልቁ ጻፈች፦ ደም ከበዛ፣ ራስ ምታት ከጠና፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ቤት! ከዚያ በሩን ነቅላ ተሸከመችው።

«ወረቀት ላይ አትጽፊውም? ብርዱንስ ምን እናድርገው?» አለ ባሏ።

«ወረቀት ለአንድ ሰው ነው። አንተ ጋቢህን ደርብ!»

በሳምንቱ፣ ሰፈሩ ውሃ ከሚቀዳበት ቦኖ አጠገብ በከሰል የተለያየ ምክር የተጻፈባቸው ሦስት በሮች ቆመው ነበር።