ከጥይቱ በፊት

አጣቢዋ የሆስፒታሉን አንሶላ ስትለውጥ በጥይት የተመታ ሰው ካገኘች አንዲት ጥያቄ አላት። ጎንበስ ትልና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ልጄ፣ ሲመታህ ምን ሰማህ?» ትላለች።

ማንም አይቆጣትም። ሰፈሯ ተኩስ የተነሳ ዕለት አንድ ልጇ እቤቱ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ተመትቶ መቅረቱን ሁሉም ያውቃል። ልጇ ጆሮው ላይ ምን ይዞ እንደሄደ ማወቅ ነው የምትፈልገው፤ ሌላ የሚያስጨንቃት ነገር የላትም።

የአውቶቡሱ ረዳት፣ «ምንም» አላት። «በጥፊ የመቱኝ መስሎኝ ልሳደብ ዞርኩ። ስድቡ እንዳለ አፌ ላይ ቀርቷል።» አጠገቡ የተኛው ዘበኛም ምንም አልሰማሁም አለ፤ ከዚያ በፊት የነበረውም ጠፍቶበታል፣ ቁርሱን እንኳ አያስታውስም። ያን ቀን አጣቢዋ እህል ቀመሰች።

ሰፈሩ ግን ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል። ጥፋተኛው ከቤቷ ፊት ለፊት ያለው ባለሱቅ ነው። ልጁ ነፍሴ አውጪኝ ብሎ ሲሮጥ የብረት መዝጊያውን ፊቱ ላይ ለቀቀበት ይላሉ። አየሁ የሚል የለም፤ ሁሉም ቤቱን ዘግቶ ተቀምጦ ነበር። ያም ሆኖ ከሱቁ የሚገዛ ጠፋ፣ ስኳሩን ጉንዳን ወረሰው። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ጊዜ ከደጅ ሲመልሱት አንድ ነገር ብቻ ተናግሯል፤ «የሚሮጥ እግር የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?» ይህን ሲል እሷን ነበር የሚያየው። ብድግ ብላ ጓዳ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም።

ጎረቤቷ ደግሞ በበሩ ነገር ትነዘንዛታለች።

«ምናለ መቀርቀሪያውን መልሰሽ ብታስገጥሚ? ከቀብሩ ወዲህ በድንጋይ ደግፈሽ ነው የምታድሪው። ሌባ ቢገባስ?»

«ምን ቀረኝና ነው የምዘጋው?» ትላለች። ጎረቤቷም አይኗን ትጠራርግና ወሬ ትለውጣለች።

አንድ ጠዋት ዳሌውን የተመታ በር በያጅ አልጋ ያዘ። አጣቢዋ የተለመደውን ጠየቀችው።

«ጥይቱን አልሰማሁም» አለ። እሷም ተመስገን ብላ አንሶላውን ማጠፍ ጀመረች። እሱ ግን አልጨረሰም። «ከሱ በፊት የሰማሁት ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው።»

እጇ ቆመ። «ምን?»

«በር። ልሸሸግ ወደ አንድ ቤት ስሮጥ ተዘጋብኝ። ስተኛም ስነቃም እሱን ነው የምሰማው። ሞቼ ቢሆን ይዤው የምሄደው እሱን ነበር።»

«የሱቅ መዝጊያ ነበር?»

«አይ እናቴ። በር እኮ ነው የምሠራው፣ በእንቅልፌም አይጠፋኝም። የሱቅ መዝጊያ እንደ ሽማግሌ እያጉረመረመ ነው የሚወርደው። ይሄ መቀርቀሪያ ነው። አንዴ ቀጭ፣ አለቀ።»

«የዘጋብህን ሰው ትረግመዋለህ?»

«ምን እረግመዋለሁ፣ ፈርቶ ነው። ድምፁ ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ።»

አጣቢዋ የቀሩትን አልጋዎች ትታ አለቃዋን አስፈቅዳ ወጣች። ሰፈሯ ስትደርስ ባለሱቁ ዕቃውን በካርቶን እያሰረ ነበር። እንደ ወትሮው ስታልፍ ብድግ አለላት። ሌላ ቀን ቀና ብላ አይታው አታውቅም፤ ዛሬ ቆመች። ጎረቤቷ ልትተፋበት ነው ብላ ከበሯ ብቅ አለች።

«ልትሄድ ነው?» አለችው።

«ምን ላድርግ እትዬ። እዚህ የሚገዛኝ የለም።»

«ያን ቀን…» ብላ ጀመረች።

ባለሱቁ ወደ ጎረቤቷ አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አይጨነቁ፣ ለማንም አልተናገርኩም። የእርስዎ መቀርቀሪያ ሲጮህ የእኔ መዝጊያ ገና ክፍት ነበር፤ ና ግባ ብዬ ብጠራው እሱ ወደ እናቱ በር ሮጠ።»