ለይስሙላ የተተወ መሪ

ካፒቴንን ከመሪ ያወረዳቸው መንግሥት አይደለም፤ የገዛ ልጆቻቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የረጅም መንገድ አውቶቡስ የነዱ፣ ሰፈሩ ሁሉ ካፒቴን የሚላቸው ሰው፣ አንድ ቀን አሮጌ መኪናቸውን ወደ ኋላ ሲነዱ የግቢውን በር ጫር አደረጉት። በቃ። ልጅ ተሰበሰበ፣ ቁልፍ ተወረሰ፣ አሮጌዋ መኪና ተሸጠች። መንጃ ፈቃዳቸው ብቻ ኪሳቸው ውስጥ ቀረ።

ካፒቴን እህል አልቀምስ አሉ። "ከእንግዲህ እንደ ጆንያ ጭናችሁ ልታወርዱኝ ነው?"

መላ ያመጣው መኪና አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሚሠራው ወንድ ልጃቸው ነው። ራሱን የሚነዳ መኪና! ለአባቱ ግን ትንፍሽ አይባልም።

"መሪው ለይስሙላ ነው" አላት ፋርማሲስት ለሆነችው እህቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሳቸው ያዞሩታል፣ መኪናው ግን አይሰማቸውም። ፍሬቻ ሲያሳዩ ወዴት መሄድ እንደፈለጉ ያውቃል፤ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።"

"እንደ ሕፃን መጫወቻ?"

"እንደሱ። አንቺ ብቻ አፍሽን ያዢ። ደግሞ የመንገዱ ቀለም ከጠፋ ግራ ይጋባል፣ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ ካሜራው ይታወርና ዳር ይዞ ይቆማል። ያኔ ደውይልኝ።"

ፋርማሲስቷ በሕይወቷ መሪ ጨብጣ አታውቅም። እሺ አለች።

በመጀመሪያው ጠዋት ካፒቴን ሴት ልጃቸውን መድኃኒት ቤቷ ሊያደርሱ መኪናውን ሲያስነሱ ስክሪኑ በራና ለስላሳ የሴት ድምፅ፣ "እንደምን አደሩ፤ ልጀምር?" አለች።

ካፒቴን ስክሪኑ ላይ «አይ» የሚለውን በአውራ ጣታቸው ወጋ አደረጉት። "ስንት ዘመን ከኋላዬ የሚጮኽ ተሳፋሪ ችያለሁ፤ አንቺን ደግሞ ጋቢና አስቀምጬ አልሰማም!"

ድምፁ ጠፋ። መኪናው ሄደ። ፋርማሲስቷ ፊቷን ወደ መስኮት አዙራ ሳቋን ዋጠች።

ውሎ ሲያድር ማሽኑን ከልቧ ወደደችው። ጉድጓዱን ገና ሳይደርስበት ያውቀዋል። ከመድኃኒት ቤቷ ጀርባ ያለው መንገድ ቀለም የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም፤ እሱ ግን አንድም ቀን ግራ አልተጋባም። ሰማይ የተቀደደ ያህል በዘነበበት ዕለት ሌላው መኪና ሁሉ ዳር ይዞ ሲቆም፣ የነሱ ቀስ እያለ ቤቱ ገባ። ለወንድሟ ደወለች።

"ይታወራል ያልከው ካሜራ ከኔ የተሻለ ያያል!"

"ይማራል እኮ" አለ ወንድሟ፣ የወለደው ይመስል እየኮራ። "ማሽን እንደ ሰው ግትር አይደለም።"

የማይማሩት ካፒቴን ናቸው። ለጎረቤቱ፣ ለጥበቃው፣ ሽሮፕ ሊገዛ ለመጣው ሰው ሳይቀር ጉራቸውን ይነዛሉ። "አየሽ አያያዜን?" ይሏታል በየመታጠፊያው።

"አየሁ አባባ።"

"በከንፈርሽ ጫፍ አየሁ አትበይኝ! ሬሳ አይደለሁም!"

አንድ ጠዋት፣ ከቆመ የጭነት መኪና አጠገብ ሲደርሱ መኪናቸው በድንገት ቀጥ አለ። ፋርማሲስቷን ቀበቶው ያዛት። ወዲያው አንዲት ትንሽ ልጅ ከጭነት መኪናው ፊት ብቅ ብላ፣ ከመኪናቸው አፍንጫ ሥር ኳሷን አነሳችና ሮጠች።

"እግሯን በጎማዎቹ መሃል አይቼው ነው" አሉ ካፒቴን። "ቁልፍ የቀማችሁት ሽማግሌ ነው ያያት!"

ፋርማሲስቷ ዳሽቦርዱን፣ ልክ እንደታማኝ ፈረስ፣ ቀስ ብላ ዳበሰችው።

ካፒቴን እዚያው ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ምስጢሩ ይቀጥል ነበር። አላቆሙም። በሳምንቱ ፂማቸውን ተላጭተው፣ አሮጌ የሾፌር ኮታቸውን ለብሰው ብቅ አሉ።

"የሰፈሩ ትምህርት ቤት የሰርቪስ ሾፌር ይፈልጋል። ፈትነው ተቀብለውኛል። ነገ አውቶቡሱን እረከባለሁ።"

"አባባ! እሱ እኮ እውነተኛ መኪና ነው!" አመለጣት።

"ይሄስ ምንድነው? ጋሪ?"

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። አውቶቡስ ሙሉ ሕፃን፣ መንዳት የሚችሉ በሚመስላቸው ሰው እጅ! ሲነጋ የመኪናው የጥገና ቀጠሮ አለ ብላ ወንድሟ ወደሚሠራበት ድርጅት ጋራዥ ይዛቸው ሄደች። ቴክኒሻኑ ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ ሲል ካፒቴን ከመሪው አልወረዱም። እሷም ከዚያ በላይ አልቻለችም።

"አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይሄ መሪ ለይስሙላ ነው። የሚነዳው መኪናው ራሱ ነው። አውቶቡስ ቢይዙ የሰው ልጅ ይፈጃሉ።"

ካፒቴን አልጮኹም። መሪውን ይበልጥ ጨበጡት።

"ያቺን ልጅ ያዳናት ብረቱ ነው?"

"ብረቱ ነው አባባ።"

"ማይ።"

"እምላለሁ።"

"እኔ ደግሞ አውቶቡሱን ልረከብ እሄዳለሁ። ከፈለግሽ ጎማው ሥር ተኚ!"

ፋርማሲስቷ እንባዋን እየጠረገች ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። "እባክህ አንተ ንገራቸው። ማን ሲነዳ እንደኖረ አሳያቸው።"

ቴክኒሻኑ ኮምፒዩተሩን በገመድ ከመኪናው ጋር አገናኘ። አነበበ። አንገቱን አከከ። ደግሞ አነበበ።

"እትዬ፣ ይሄ መኪና እኮ ከተገዛ ጀምሮ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ራሱን ነድቶ አያውቅም።"